ይጠገን ወይስ ይተካ? ከአጎቴ መነጽር የተማርኩት

የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች እንደምታስታውሱት ባለፈው ሴሚስተር «አንድን ሥራ ከሚሠራው ሰው አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱና ለማያውቀው ሰው አስረዱ» የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። አብዛኞቻችን ቅርባችን ያለውን ሻይ ቤት፣ ሊስትሮ ወይም ፎቶ ቤት መረጥን። እኔ ግን በጥር እረፍት አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ በአርሲና በባሌ ተራሮች ካሉት ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቦታዎች በአንዱ ዱካ ተከታይ ሆነው ይሠራሉ። ሐሳቤ ስለ ዱካ አከታተል ለመጻፍ ነበር። የጻፍኩት ግን ስለ ሌላ ነገር ሆነ። ምክንያቱም በደረስኩ በሁለተኛው ቀን መነጽራቸውን ጣልኩባቸው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የአደን ዕቃ ሲበላሽ ይጠገናል ወይስ ይተካል? እኔም መጀመሪያ ላይ መልሱ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። እንዳልሆነ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው።

ስለ ሥራው በጥቂቱ

አደን ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ጋሻና ጦር፣ ግዳይ ጥሎ መፎከር ነው። የዛሬው ሕጋዊ አደን ግን ሌላ ነገር ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 በ1999 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ ማደን የተከለከለ ነው። እንግዳው ፈቃድ አውጥቶ፣ ክፍያውን ከፍሎ፣ ከባለሙያ አዳኝ ጋር ይመጣል። ዱካ ተከታዩ ደግሞ ከፊት ከፊት እየሄደ እንስሳውን ይፈልጋል፣ ያያል፣ «ይኼ ነው» ወይም «ይኼ አይደለም» ይላል።

በእነ አጎቴ አካባቢ በዋናነት የሚፈለገው የደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ሳይንቲስቶች ስም ሰጥተው የመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ለትልቅ እንስሳ በጣም ዘግይቶ ማለት ነው። በልጅነታችን ማስቲካ እንገዛባት የነበረችው የ10 ሳንቲም ጀርባ ላይ ያለው እሱ ነው። ሴቷ ቀንድ የላትም። ወንዱ የተጠማዘዘ ረዥም ቀንድ አለው፤ ዕድሜው ሲገፋም ፀጉሩ እየጠቆረ ይሄዳል። ለአደን የሚፈለገው ያረጀው ወንድ ነው እንጂ ጎረምሳው አይደለም። ጎረምሳው ገና የሚያድግ፣ ገና የሚወልድ ነው።

ስለዚህ የአጎቴ ዋና መሣሪያ ጠብመንጃ አይደለም። ጠብመንጃው የእንግዳው ነው። የእሳቸው መሣሪያ ባይኖኩላር ማለትም አቅርቦ የሚያሳየው መነጽር ነው። ከሸለቆው ማዶ በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ የቆመን አጋዘን ዕድሜ የሚለዩት በእሱ ነው።

አወዳደቁ

መነጽሩ 10 በ42 የሚባለው ዓይነት ነው። 10 ማለት ነገሩን አሥር እጥፍ አቅርቦ ያሳያል ማለት ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። ከ11 ዓመት በፊት አንድ እንግዳ አገሩ ሲመለስ በስጦታ ትቶላቸው የሄደ ነው። ላስቲኩ በጣታቸው ልክ ተልጧል።

አንገቴ ላይ ሳደርገው ማንገቻው በአንድ በኩል በሲባጎ ታስሮ አየሁት።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድነው?» አልኳቸው።

«ስፌቱ ለቀቀ። ገበያ ስወርድ ሌላ እገዛለሁ እያልኩ ይኸው ዓመት አለፈው» አሉኝ።

እኔም ዝም አልኩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አንድ ቋጥኝ ላይ ቆሜ የካሜራዬን ቦርሳ ለመክፈት ጎንበስ ስል ሲባጎው ተበጠሰ። ለካ በብረት ቀለበቱ እየተፋቀ አልቆ ነበር። መነጽሩ ድንጋይ ላይ አንድ ጊዜ ነጥሮ ሣር ውስጥ ገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ነው።

ደንግጬ እንባዬ መጣ። አጎቴ ግን አልተቆጡም። አንስተው አፈሩን እፍ አሉት፣ መስታወቱን ገልበጥ አድርገው አዩና «አልተሰበረም፣ ተመስገን» አሉ። ከዚያ ወደ ማዶ አዩ። ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። «ትንሽ ሁለት ሁለት ያሳየኛል» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ግድ የለም፣ ዓይን ይለምደዋል» አሉ።

እንግዳው ሊመጣ 12 ቀን ቀርቶታል። አዲስ መግዣ ገንዘብ የለም። ዕቃውም ስጦታ ነው፣ እጃቸው ለምዶታል። «ይሠራል» ማለት ለሁላችንም ቀሏል። ለእኔማ በጣም ቀሎኝ ነበር፤ የጣልኩት እኔ ነኛ።

ማዶ የቆመው አጋዘን

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ አጎቴ በመነጽሩ እያዩ «ያውና አንድ ሽማግሌ። ቀንዱን እይልኝ!» አሉ። እኔም ካሜራዬን አውጥቼ ዙሙን እስከ መጨረሻው ድረስ ስቤ ሦስት ፎቶ አነሳሁ። ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አጉልቼ ሳሳያቸው አጎቴ ዝም አሉ። ቀንዱ ገና አልረዘመም። ፀጉሩም ገና ቀላ ያለ ነው። ጎረምሳ ነበር።

ምን እንደሆነ ተረዳን። የመነጽሩ ሁለት ዓይኖች ሁለት የተለያየ ምስል ይሰጣሉ፤ አንዱ ምስል ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የቀንዱ ጫፍ ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ሲታይ ቀንዱ የረዘመ ይመስላል። አጎቴ ሥራቸውን አልረሱም፤ ያሳሳታቸው ዕቃው ነው።

«እንግዳ ቢኖር ኖሮ» አሉ፣ «እኔ 'እሱ ነው' እላለሁ። እሱም ያምነኛል፣ ይተኩሳል። ጥይት ከወጣ ወዲያ 'ተሳስቻለሁ' ብሎ ነገር የለም።»

ከዚያ መነጽሩን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። «ውሰጂው። የሚያውቅ ሰው ይየው።»

እኔ በዚያች ቅጽበት ነው ጥያቄው የተለወጠብኝ። እስከዚያ ድረስ «ስንት ያስወጣል?» እያልኩ ነበር የማስበው። ከዚያ በኋላ ግን «ይኼ ዕቃ ሲሳሳት ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?» ማለት ጀመርኩ። መልሱ አጎቴም እኔም አይደለንም። ማዶ የቆመው አጋዘን ነው።

ጠጋኙ ዘንድ

አዲስ አበባ ስመለስ መነጽሩን አንድ ካሜራ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ባለሙያው ገና ሳይፈታው ሦስት ፈተና አደረገለት። ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርጋቸው ስለሚችል ልጻፋቸው።

የመጀመሪያው፣ ሩቅ ያለ ቀጥ ያለ መስመር ማየት ነው። የጣሪያ ጠርዝ ወይም የመብራት ሽቦ ይሆናል። መስመሩን እያዩ መነጽሩን ቀስ እያሉ ከዓይን 15 ሴንቲሜትር ያህል ማራቅ ነው። በጤነኛ መነጽር መስመሩ በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይታያል። በተጎዳው አንዱ ወጣ፣ አንዱ ወረደ ይላል። ወደ ዓይን አስጠግተን ስናይ አእምሯችን ትንሹን ልዩነት አስታርቆ አንድ ያደርገዋል፤ ዋጋውም ራስ ምታት ነው። አጎቴ «ዓይን ይለምደዋል» ያሉት ይህንን ነው። እውነታቸውን ነው፣ ዓይን ይለምዳል። ግን ዓይን ስለለመደ ዕቃው አልተስተካከለም።

ሁለተኛው፣ ከፊት በኩል ባትሪ አብርቶ ውስጡን ማየት ነው። አቧራ፣ ሻጋታ ወይም ስንጥቅ ካለ ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ገረመኝ። የፊተኛው መስታወት ላይ ያለች ጭረት እኔን በጣም አስጨንቃኝ ነበር፤ ባለሙያው ግን «እሷን ተያት፣ ምስሉ ላይ ምንም አትልም» አለኝ። የሚታየው ጉዳት ቀላል፣ የማይታየው ከባድ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ነበር። «ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብሳል? ሲጠርጉትስ ይለቃል?» አለኝ። አጎቴ ከወደቀ በኋላ ጠዋት በሻርፓቸው ሲጠርጉትና አልለቅ ሲላቸው ትዝ አለኝ። ሲጠረግ የሚለቅ ጉም ከውጭ ነው። የማይለቀው ከውስጥ ነው። እንዲህ ያሉት መነጽሮች ውስጣቸው እርጥበት እንዳይገባ በደረቅ ናይትሮጅን ተሞልተው በጎማ ይታሸጋሉ። ማሸጊያው አንዴ ከተከፈተ ጋዙ ይወጣል፣ የደጋው እርጥበት ይገባል።

ሲፈታው የቀኝ በኩል ፕሪዝሙ ከመቀመጫው ተንቀሳቅሶ አገኘው። ፕሪዝም ማለት ብርሃኑን አጥፎ ምስሉን ቀጥ አድርጎ የሚያመጣልን ወፍራም መስታወት ነው። የሚቀመጥበት ጠርዝም ተሸርፏል። «አስተካክዬ በማጣበቂያ አስቀምጥልሻለሁ» አለኝ። «ግን እንደ ፋብሪካው አላሽገውም፣ ጋዝም የለኝም። ሌላ ጊዜ ከተመታ ደግሞ መልሶ ይንቀሳቀሳል።»

ዋጋውን ጠየቅኩ። ጥገናው 4,000 ብር ነው። ተመሳሳዩን አዲስ ስጠይቅ የተነገረኝ 26,000 ብር ነበር። ብዙ ሰው የሚጠቀምባት አንዲት መለኪያ አለች። ጥገናው ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ካልበለጠ ጠግን፣ ከበለጠ ተካ ትላለች። በዚች መለኪያ ከሄድን የእኛ ጥገና ከአዲሱ ስድስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ይጠገን ማለት ነው፣ አበቃ!

ባለሙያው ግን ገንዘቤን ከመቀበሉ በፊት «ለምን ሥራ ነው የምትፈልጉት?» አለኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ለኳስ ሜዳ ቢሆን፣ ወፍ ለማየት ቢሆን፣ ዛሬውኑ እጠግንልሽ ነበር። ጉም ከለበሰ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ፣ ማንም አይጎዳም። ለዚህ ሥራ ግን እኔ ኃላፊነት አልወስድም።»

ለአጎቴ ደወልኩላቸው። ስልኩ ላይ ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። የ11 ዓመት ዕቃ ነው። ከዚያ «ለሥራው አዲስ ይገዛ። አሮጌው ግን ይጠገን፣ አትጣይው» አሉ። እኔ ድምፅ መቅጃ ልገዛ ያጠራቀምኩት 9,000 ብር ነበረኝ። 4,000ው ለጥገናው ሄደ፣ 5,000ው ለአዲሱ። አጎቴ 12,000 አወጡ። የቀረውን 9,000 ከደመወዛቸው የሚቆረጥ ብድር ወሰዱ። አዲሱ መነጽር እንግዳው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰላቸው።

ለሌላውም የአደን ዕቃ

የቤት ሥራዬን ለመጨረስ አጎቴንና አብረዋቸው የሚሠሩትን ሰዎች ስለ ሌሎቹም ዕቃዎች ጠየቅኳቸው። ያው መለያ ለሁሉም ይሠራል።

ሀ) የጠብመንጃ ሰደፍ፦ ላዩ ላይ ያለ ጭረት መልክ ብቻ ነው። እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ ቦታ ላይ ያለ ስንጥቅ ግን ሌላ ነው፤ ጠብመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ ሲመታ ስንጥቁ እየሰፋ ይሄዳል። በሽቦ ወይም በፕላስተር መጠቅለል ጥገና አይባልም። ባለሙያ አጣብቆ በብረት ዘንግ ሊያጠነክረው ይችላል፤ አለዚያ ሰደፉ ብቻ ይቀየራል።

ለ) የጠብመንጃው ቱቦ፦ አፈሙዙ በጭቃ ወይም በጨርቅ ተደፍኖ ከተተኮሰ ቱቦው ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ አይጠገንም። ይተካል። እዚህ ላይ የሚከፍለው ተኳሹ ራሱና አጠገቡ የቆመው ሰው ነው።

ሐ) ጠብመንጃው ላይ ያለው ማነጣጠሪያ መነጽር፦ ከወደቀ በመጀመሪያ ብሎኖቹ መጥበቃቸው ይታያል። ከዚያ በተፈቀደ ቦታ፣ በ100 ሜትር፣ ጠብመንጃውን አስደግፎ ሦስት ጥይት ወረቀት ላይ መተኮስ ነው። ሦስቱ አንድ ቦታ ተሰብስበው ከመሐል ርቀው ከሆነ ማስተካከል ይበቃል። ብሎኑ ጠብቆ፣ ተኳሹም ተረጋግቶ፣ ሦስቱ ሦስት ቦታ ከተበተኑ ግን መነጽሩ ከውስጥ ሊሆን ይችላል። ያ ጠብመንጃ ምክንያቱ ታውቆ እስኪስተካከል ድረስ ለአደን አይወጣም። በተበተነ ጥይት ቆስሎ ጫካ የገባ እንስሳ ስቃይ ማንም አይቶ የሚረሳው አይደለም አሉኝ።

መ) ቆዳ፦ የማንገቻና የኮርቻ ቆዳ ይታጠፋል። ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ቆዳው ሞቷል፣ ይተካል። ቆዳው ለስላሳ ሆኖ ስፌቱ ብቻ ከለቀቀ በሰም በታሸ ክር ይሰፋል። ሲባጎ አይታሰርም!

ሠ) ጫማ፦ የሶሉ ጫፍ አፉን ከከፈተ ይለጠፋል። ሶሉ ለሁለት ከተሰነጠቀ ወይም ቁርጭምጭሚት የሚይዘው ክፍል ከላላ፣ ለገደል መንገድ አይሆንም። ለቤት ይሆናል።

የጦር መሣሪያን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። መሣሪያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የሚገዛው ጉዳይ ነው። ሰፈር ያለ ብረት ሠሪ ዘንድ የሚወሰድ ዕቃ አይደለም። ሥራው ሕጋዊ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ብቻ ነው። ከመፈተሹም በፊት ጥይት አለመኖሩን ማረጋገጥ ይቀድማል።

አራቱ ጥያቄዎች

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ያወጣኋቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። ቅደም ተከተላቸውም ሆን ተብሎ ነው።

1. ይህ ክፍል የተሸከመው ምንድነው? የአጎቴ ማንገቻ 300 ብር የማያወጣ ጨርቅ ነበር። የተንጠለጠለበት ግን ሙሉ ሥራቸው ነበር። ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው ብለን አለፍነው። የአንድን ክፍል ክብደት የሚነግረን ዋጋው ሳይሆን የተንጠለጠለበት ነው።

2. ቢሳሳት ወይም ቢበጠስ የሚከፍለው ማን ነው? ራሴ ብቻ ከሆንኩና ዕዳው ድካም ከሆነ፣ በጥገና መሞከር እችላለሁ። ሌላ ሰው ወይም እንስሳ ከሆነ በእሱ ላይ የመሞከር መብት የለኝም።

3. ከተጠገነ በኋላ በምን እፈትነዋለሁ? መፈተኛ የሌለው ጥገና ተስፋ ብቻ ነው። እኛ ካሜራው ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ «ይሠራል» እያልን ነበር።

4. ስንት ያስወጣል? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አብዛኞቻችን ገንዘብ የለንም። ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ካስቀመጥነው ሌሎቹን ሦስቱን ሳንጠይቅ ይመልስልናል።

ልብ በሉ፣ ጥያቄዎቹ «ሁልጊዜ አዲስ ግዛ» አይሉም። አሮጌው መነጽር ተጠግኖ ዛሬ ካምፑ ውስጥ አለ። ማታ ማታ በቅሎዎቹ የት እንደደረሱ የሚታየው በእሱ ነው። ለዚያ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ያው ዕቃ ለአንዱ ሥራ የተጣለ፣ ለሌላው ሥራ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ለእኛስ?

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን አሮጌ ድምፅ መቅጃ አየሁት። የባትሪው ክዳን በፕላስተር ነው የተያዘው። አንዳንዴ መሐል ላይ ይጠፋል። አዲስ የምገዛበት ገንዘብ መነጽር ሆኗል። «ይሠራል፣ እጄ ለምዶታል» ልል አፌን ከፈትኩና የራሴን ጥያቄ ራሴን ጠየቅኩ። መቅጃው ቢጠፋና ቃሉን በግምት ብሞላ የሚከፍለው ማን ነው? እኔ አይደለሁም። አምኖኝ የተናገረው ሰው ነው። ስለዚህ መቅጃውን ለክፍል ትምህርት ብቻ አደረግኩት። ለቃለ መጠይቅ በስልኬ እቀዳለሁ፣ በደብተሬም እጽፋለሁ፣ ቀረጻው መግባቱንም ሰውየው ፊት ከፍቼ እሰማለሁ። አዲስ መግዛት ባልችልም አሮጌውን ከማይችለው ሥራ ማንሳት እችላለሁ።

በመጨረሻም የአጎቴን ነገር ልንገራችሁ። እንግዳው ከመጣ በኋላ አንድ ማታ ደወሉልኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አንድ ወንድ አጋዘን ማዶ ቆሞ አገኙ። እንግዳው ቸኩሎ ነበር። አጎቴ በአዲሱ መነጽር ቆየት ብለው አዩትና «ይለፍ፣ ገና ነው» አሉ። አለፈ።

«ማንገቻውስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሁለት ገዛሁ» አሉኝ። «አንዱ መጠባበቂያ ነው።»

ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። የ300 ብር ማንገቻ ዓመት ሙሉ ችላ ብለን 30,000 ብር አወጣን። ያም ሆኖ የተረፍነው በርካሽ ነው እላለሁ፤ ያ ጎረምሳ አጋዘን ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ አለና።